ሕፃን ቋንቋን ከማን ይማራል? ነገሥታት ስለ ጠየቁት ጥያቄና ሕፃናት ስለ መለሱት መልስ

ፊደል ለመቍጠር መምህር ያስፈልጋል። ዳዊት ለመድገም ዓመታት ያስፈልጋሉ። ቅኔ ለመቀኘትማ ቍራሽ እየለመኑ ካገር አገር መዞር፣ በጎጆ ማደር፣ በሌሊት ማሰላሰል ያስፈልጋል። የእናትን ቋንቋ ለመናገር ግን ከነዚህ አንዱም አያስፈልግም። ልጅዋን ከፊቷ አስቀምጣ ይህ ባለቤት ነው፤ ይህ ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ ሴት ስትሆን ግሱ እንዲህ ይለወጣል ብላ የምታስተምር እናት አልታየችም። ልጁ ግን አራት ዓመት ሳይሞላው ወንዱን በወንድ አንቀጽ፣ ሴቷን በሴት አንቀጽ፣ ያለፈውን ባለፈ፣ የሚመጣውን በሚመጣ አድርጎ ይናገራል። ይህ ነገር በየቤቱ በየቀኑ ስለሚደረግ የሚያስደንቅ መስሎ አይታይም፤ ለመረመረው ሰው ግን በቤቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አስደናቂ ነገር የለም።

ይህንንም ነገር ሊመረምሩ አስቀድመው የተነሡት መምህራን ሳይሆኑ ነገሥታት እንደ ነበሩ መጻሕፍት ይነግሩናል፤ የመረመሩበትም መንገድ ጭካኔ ያለበት ነበር። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የታሪክ አባት የሚባለው የጽርእ ሰው ሄሮዶቱስ በሁለተኛው መጽሐፉ መጀመሪያ እንደሚነግረን፣ ከጌታችን ልደት በፊት ከ664 እስከ 610 ዓመት በግብፅ የነገሠው ፕሳሜቲኮስ ከአሕዛብ ሁሉ ቀድሞ የተገኘው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። ግብፃውያን ራሳቸውን የሕዝብ ሁሉ በኵር አድርገው ይቈጥሩ ነበርና። ንጉሡም ከተራ ሰዎች ሁለት አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ወስዶ ለአንድ እረኛ ሰጠ፤ ማንም በፊታቸው ቃል እንዳይናገር፣ ሰው በሌለበት ጎጆ ለብቻቸው እንዲቀመጡ፣ በየጊዜውም ፍየሎች እየቀረቡላቸው ወተት እንዲጠጡ አዘዘ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እረኛው በሩን ከፍቶ ቢገባ ሁለቱም ሕፃናት ወደ እርሱ ቀርበው እጃቸውን ዘርግተው «ቤኮስ» አሉት። እረኛው በመጀመሪያ ዝም አለ፤ ቃሉ ሲደጋገምበት ግን ለጌታው ነገረ። ንጉሡም በጆሮው ከሰማ በኋላ ይህ ቃል በማን ቋንቋ እንዳለ ቢያስጠይቅ በፍርግያ ሰዎች ቋንቋ ዳቦ ማለት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ግብፃውያን፣ ፍርግያውያን ይቀድሙናል፤ እኛ ደግሞ ሌላውን ሁሉ እንቀድማለን ብለው በሁለተኛነት ተቀመጡ።

ሄሮዶቱስ ይህን ነገር ከሜምፎስ ካህናት ሰማሁት ይላል። በኋላ ዘመን ያነበቡት ሊቃውንት ግን ንጉሡ ያላሰበውን ነገር አሰቡ። ሕፃናቱ በሁለት ዓመት ውስጥ አዘውትረው የሰሙት ድምፅ የፍየል ድምፅ ነበር፤ ፍየልም «ቤ» ትላለች፤ ኦስ የሚለው ጫፍ ደግሞ ጽርኣውያን በብዙ ስሞች መጨረሻ የሚጨምሩት ነው። እንግዲህ ሕፃናቱ የተናገሩት የፍርግያን ቋንቋ ሳይሆን የመጋቢያቸውን የፍየሏን ቋንቋ ነው ማለት ነው። ታሪኩ እውነት ከሆነ ንጉሡ መልሱን በጆሮው ሰምቶ ሳያስተውለው ቀረ።

ከእርሱ በኋላ ሌሎች ሦስት ነገሥታት በዚሁ መንገድ እንደ ሄዱ ይተረካል። አንደኛው ከ1194 እስከ 1250 የኖረው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬዴሪክ ነው። የፓርማው መነኵሴ ሳሊምቤኔ በዜና መዋዕሉ እንደ ጻፈው፣ ይህ ንጉሥ ሕፃናት የሚናገሩት ዕብራይስጥ ይሁን ወይም ጽርእ፣ ሮማይስጥ ይሁን ወይም ዓረብ፣ ወይስ የወላጆቻቸው ቋንቋ ይሁን ለማወቅ ፈልጎ፣ ሞግዚቶች እያጠቡና እያጠቧቸው እንዲያሳድጓቸው፣ ነገር ግን አንዳች ቃል እንዳይናገሯቸውና እንዳያባብሏቸው አዘዘ። ሁሉም ሞቱ። መነኵሴው የንጉሡ ወዳጅ አልነበረም፤ የጻፈውም የንጉሡን ስንፍና ለመቍጠር ስለ ሆነ ቃሉን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ነገር ግን የሞታቸውን ምክንያት ሲናገር፣ ሕፃን ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ፈገግታና ያለ እሹሩሩ በሕይወት ሊቈይ አይችልም ማለቱ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ከ700 ዓመት በኋላ በ1945 ሬኔ ስፒትስ የተባለው ሐኪም፣ ምግባቸውና አልጋቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚያቅፋቸውና የሚያጫውታቸው ሰው ያጡ ሕፃናት እንዴት እንደሚመነምኑ፣ ከነርሱም ብዙዎቹ እንደሚሞቱ አስመስክሮ ጽፏልና።

ሁለተኛው የስኮትላንድ ንጉሥ ራብዓይ ያዕቆብ ነው። በ1493 ሁለት ሕፃናትን ከአንዲት ድዳ ሴት ጋራ ኢንችኪዝ በምትባል ደሴት አስቀመጠ ይባላል። ነገሩን ከብዙ ዓመት በኋላ የጻፈው ፒትስኮቲ፣ ሕፃናቱ ጥሩ ዕብራይስጥ ተናገሩ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በወሬ እንጂ በርግጥ አላውቅም ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሦስተኛው ከ1556 እስከ 1605 በህንድ የነገሠው አክበር ነው። እርሱ ቤት አሠርቶ፣ ቃል በማይናገሩ አሳዳጊዎች እጅ ሕፃናትን አኖረ፤ በ1582 ሄዶ ቢያያቸው የቋንቋ ምልክት አልተገኘባቸውም፤ እንደ ድዳ ሆነው ድምፅ ብቻ ያሰሙ ነበር። ከአራቱ ታሪኮች እኛ የምናምነው ይህን የአክበርን ነው። በዘመኑ የነበሩ ጸሓፊዎች የጻፉት ነው፤ ውጤቱም ለማንም ሕዝብ መመኪያ አልሆነም።

እነዚህ ነገሥታት ሁሉ ከአንድ ሐሳብ የተነሡ ናቸው። ይኸውም ሰው ከባሕርዩ ጋራ የተፈጠረ አንድ ቋንቋ አለው፤ ሌላ ካልተደረበበት ያ ቋንቋ በራሱ ይወጣል የሚል ነው። ሐሳቡ በመጻሕፍትም ሥር አለው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ የእንስሳትና የአራዊት አንደበት እንደ ተዘጋ፤ ከሰናዖር ግንብ መፍረስ በኋላም ከሰው አፍ ጠፍታ የነበረችው የፍጥረት ቋንቋ ዕብራይስጥ ለአብርሃም እንደ ተገለጠችለት ይናገራል። ከሶርያውያን ወገን የአዳም ቋንቋ ሱርስት ነው ያሉ ነበሩ። በኛም አገር ግዕዝ ማለት መጀመሪያ ማለት ነው ብለው ስሙን እንደ ምስክር የጠሩ አሉ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ ለአዳም ሰጠው።

ይህን ሁሉ በ380 ዓመት ገደማ የመለሰው የታላቁ ባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። መናፍቁ ኤውኖምዮስ፣ ስም ከነገሩ ባሕርይ ጋራ የተሳሰረ ነው፤ ስሞችንም ለሰው ያስተማረ እግዚአብሔር ነው ይል ነበር። ጎርጎርዮስ ግን እግዚአብሔርን እንደ ፊደል አስቈጣሪ በአዳም ፊት አስቀምጦ ቃል ሲያስጠና ማሰብ ከንቱነት መሆኑን ገለጠ። እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው የመናገርን ኀይል ነው፤ ስም ማውጣት የሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህም አንዱ ነገር በየሕዝቡ ልዩ ልዩ ስም አለው። ዕብራይስጥ ከሁሉ የቀደመ ነው የሚለውንም ነገር አልተቀበለም። ፍሬዴሪክና ያዕቆብ ይህን መጽሐፍ አንብበውት ቢሆን ኖሮ በሕፃናቱ ላይ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ከጎርጎርዮስ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ የራሱን ሕፃንነት ተረከ። ታላላቆቹ አንድን ነገር ሲጠሩና ወደዚያው ነገር ሲንቀሳቀሱ እያየ፣ ይህ ድምፅ የዚህ ነገር ስም ነው ብሎ እያያያዘ መናገርን እንደ ተማረ ይናገራል። ከ1500 ዓመት በላይ አልፎ በ1953 የታተመው የፈላስፋው የዊትገንሽታይን መጽሐፍ በዚሁ ቃል ይጀምራል፤ የሚጠቅሰው ግን ሊቃወመው ነው። አውግስጢኖስ ሕፃኑን አሳብ የሞላለት፣ ነገር ግን ቋንቋ ወደማያውቅበት አገር የመጣ እንግዳ አስመሰለው ይላል። ሕፃን ግን እንግዳ አይደለም፤ አሳቡም ከቋንቋው ጋራ ገና የሚያድግ ነው። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሥታቱ በግድ ሊያደርጉት የፈለጉትን ነገር የፈረንሳይ ዱር በአጋጣሚ አደረገው። በ1800 በጥር ወር በደቡብ ፈረንሳይ በአቬሮን አውራጃ ሳን ሰርናን በምትባል መንደር አጠገብ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ ተገኘ። ከዚያ በፊት በላኮን ደን ራቍቱን ሆኖ ሥራ ሥርና የዛፍ ፍሬ ሲለቅም ታይቶ ነበር። ቃል አያውቅም፤ ልብስ ያለበሱት እንደ ሆነ ይቀደዋል፤ በጕሮሮውም ላይ የስለት ጠባሳ ነበረበትና፣ በሕፃንነቱ ሊገድለው አስቦ በጫካ የጣለው ሰው ይኖራል ብለው ገመቱ። በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ አምጥተው የማይሰሙና የማይናገሩ ልጆች ከሚማሩበት ቤት አገቡት። የከተማው ሰው ሁሉ ሊያየው ተጋፋ፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ተወው። ስሙ የገነነው የአእምሮ ሐኪም ፒኔል ልጁን መርምሮ፣ ከተፈጥሮው አእምሮ የጐደለው ስለ ሆነ ከትምህርት ተስፋ የለውም ብሎ ፈረደ።

ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው ወጣት ሐኪም ዣን ኢታር ግን በዚህ ፍርድ አልተስማማም። ልጁ እንዲህ የሆነው ሰው በማጣቱ ነው፤ ሰው ያገኘ እንደ ሆነ ሰው ይሆናል ብሎ ተቀበለው። አምስት ዓመት ያህል ደከመበት፤ የድካሙንም ዜና በ1801ና በ1806 በሁለት መጻሕፍት ጻፈው። ጆሮውን ሲፈትን አንድ እንግዳ ነገር አየ። ከኋላው ጠመንጃ ቢተኰስ ልጁ አይደነግጥም፤ የሚወደው ፍሬ ቅርፊት ሲሰበር ግን በሩቅ ሰምቶ ዘወር ይላል። እንግዲህ ጆሮው አልታመመም፤ የሰው ድምፅ የማይጠቅመው ነገር ሆኖበት ነበር እንጂ። ከድምፆችም «ኦ» የሚለውን ለይቶ ሲሰማ ቢያገኘው በዚሁ ድምፅ የሚያልቅ ስም ፈልጎለት ቪክቶር ብሎ ጠራው፤ በፈረንሳይ አፍ የዚህ ስም መጨረሻ በ«ኦ» ላይ ይጸናልና።

ከዚህ በኋላ ያለውን ትግል ማንበብ ያሳዝናል። ልጁ «ሌ» ማለትን ተማረ፤ በፈረንሳይ ቋንቋ ወተት ማለት ነው። ነገር ግን የሚለው ወተቱን ከያዘ በኋላ በደስታ ነው፤ ወተት ስጡኝ ለማለት አልተጠቀመበትም። ኢታርም ይህን ለይቶ ማዘኑ የማስተዋሉ ምልክት ነው፤ ከደስታ የሚወጣ ድምፅና አንድን ነገር ለመፈለግ የሚላክ ቃል ሁለት ናቸውና። በፊደል ግን ተሳካለት። የወተትን ስም አራት ፊደላት እየደረደረ ወተት መለመንን አስተማረው። አንድ ቀን ወደ ሰው ቤት ሊሄዱ ሲነሡ ልጁ ሳይነግሩት አራቱን ፊደላት ይዞ ሄደ፤ ወተት ወደሚሰጡበት ቤትም በደረሰ ጊዜ በገበታው ላይ ደረደራቸው። ደግሞ የነገሮችን ስም በጽሕፈት ያውቅ ነበር፤ መጽሐፍ የሚለው ስም ግን ለርሱ የዚያ የአንዱ መጽሐፍ ስም ብቻ ነበር፤ ሌላ መጽሐፍ በፊቱ ሳለ መጽሐፍ አምጣ ቢሉት ግራ ይገባዋል። ስም ለአንድ ነገር ሳይሆን ለአንድ ወገን ሁሉ እንደሚሰጥ በተረዳ ጊዜም ወሰኑን አልፎ ቢላዋና ምላጭን በአንድ ስም እስከ መጥራት ደረሰ። ስመ ተጸውዖና የወል ስም ብለን በሰዋስው የምንለየውን ነገር ይህ ልጅ በራሱ ሥጋ ተማረው።

ኢታር ስለ ራሱ የጻፈውን ደግሞ ልንሰውር አይገባም። አንድ ቀን ልጁ ተቈጥቶ አልማርም ባለ ጊዜ ሐኪሙ ታግሦ ታግሦ ሲያቅተው ከፎቅ መስኮት ውጭ አንጠልጥሎ አስፈራራው። ልጁ ገርጥቶና ላብ አጥምቆት የበተነውን ሁሉ ለቀመ፤ ከዚያም በአልጋው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ያን ጊዜ ሲያለቅስ ኢታር ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

መጽሐፉን የጻፈው ሐኪሙ ነው፤ ልጁን ያበላችውና ያለበሰችው፣ ስታመመ ያስታመመችው ግን ወይዘሮ ጌራን የምትባል ሞግዚት ናት። ልጁ ከተናገራቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ኦ ዲዩ»፣ ይኸውም አምላኬ ሆይ የሚለው፣ ከሐኪሙ ትምህርት ሳይሆን ሲደንቃት ከምትናገረው ከሴትዮዋ አፍ የተለቀመ መሆኑ ያስገርማል። ባሏ በሞተ ጊዜ ልጁ እንደ ልማዱ የሟቹን ሳሕን በገበታው ላይ አኖረ። ሴትዮዋም አይታ አለቀሰች። ልጁ ሳሕኑን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው፤ ከዚያም ቀን ወዲያ አላኖረውም። ቃል የሌለው ልጅ ኀዘንን እንዲህ አድርጎ ተረዳ። ኢታር መናገርን ሊያስተምረው እንዳልቻለ አምኖ ከተወው በኋላ ቪክቶር ከዚህች ሴት ጋራ ኖረ፤ በ1828 በአርባ ዓመቱ ገደማ በፓሪስ ሞተ። ከተፈጥሮው የጐደለው ነገር ነበረ ወይስ ዘመኑ አልፎበት ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ኤሪክ ሌነበርግ የተባለው ሊቅ በ1967 እንደ ጻፈው፣ ለቋንቋ የተመደበ የሕፃንነት ዘመን አለ፤ ያ ዘመን ካለፈ በሩ ይጠባል። የኢታር ድካም ግን ፍሬ አላጣም፤ ዘዴውን ሴጋን የተባለው ተማሪው ለአእምሮ ድኩማን ትምህርት አዋለው፤ በ1907 በሮም የሕፃናትን ቤት የከፈተችው ማርያ ሞንቴሶሪም ከሁለቱ እንደ ተማረች ራሷ ተናግራለች።

በዚያ ዘመን ሰዎች የዱር ልጅ መፈለግን ትተው የገዛ ልጃቸውን መመልከት ጀምረው ነበር። ቲደማን የተባለ የጀርመን ሊቅ ስለ ልጁ ያየውን በ1787 አሳተመ። ዳርዊንም በ1839 የተወለደ የበኵር ልጁን ነገር እየተከታተለ ጽፎ 37 ዓመት ካስቀመጠ በኋላ በ1877 አወጣው። ስለ ሌላው ትምህርቱ የሚደረገውን ክርክር እዚህ አናነሣውም፤ አባት ሆኖ የጻፈው ግን ጥሩ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ለምግብ ሁሉ «ማም» የሚል ቃል ከራሱ አወጣ። ስኳርን «ሹ ማም» አለ፤ ጥቍሩን ከረሜላ ባወቀ ጊዜም ጥቍር የሚለውን ቃል በፊቱ ጨምሮ «ጥቍር ሹ ማም» አለ። እነሆ፣ ቅጽልን ከስም ማጋጠም ማንም ሳያስተምረው ከአፉ ወጣ።

የኛ ዘመን መርማሪዎች ደግሞ ከዚህ በጣም ወደ ፊት ሄደው በጨቅላው ጆሮ ውስጥ ያለውን ፈተኑ። በ1984 በካናዳ ዌርከርና ቲስ የተባሉ መርማሪዎች እንዳሳዩት፣ ስድስትና ስምንት ወር የሆነው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሕፃን የህንድን ቋንቋ ድምፆች ይለያል፤ ከኛ «ቀ» ጋራ የሚቀራረቡትን ሁለት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ድምፆችም ይለያል፤ ዓመት ሊሞላው ሲል ግን መለየቱን ያቆማል። የውጭ ሰው «ተ»ንና «ጠ»ን ለመለየት ሲታገል እያየን የምንስቅ ሰዎች ይህን ማወቅ ይገባናል። እርሱም በጨቅላነቱ መለየት የሚችል ጆሮ ነበረው፤ ያልተጠቀመበትን ዘጋው እንጂ። ሕፃን ቋንቋን የሚማረው በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመጣልም ነው።

ሌላም አለ። በ1958 ዣን ቤርኮ የተባለች መርማሪ በዓለም የሌለ ፍጥረት ሥላ፣ ስሙ «ዋግ» ነው ብላ ለሕፃናት አሳየች፤ ሁለት ሲሆኑ ምን ይባላሉ ብትላቸው ፊደል ያልቈጠሩት እንኳ የብዙውን ቍጥር ምልክት ጨምረው መለሱ። ይህን ቃል ከማንም አልሰሙትም፤ ስለዚህ ከሰሙት ደገሙ ማለት አይቻልም። ግስ ያወረደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ የሚሉትን ስምንቱን አርእስት የያዘ ተማሪ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ግስ ቤቱን አውቆ ያረባዋል። እኛ በተማሪ ቤት በብዙ ዘመንና በብዙ አለንጋ ያገኘነውን ነገር ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ለራሱ ቋንቋ አግኝቶት ኖሯል።

አሁን አስቀድመን ወደ ተውነው ክርክር እንመለስ፤ አሳብ ይቀድማል ወይስ ቋንቋ? በ1896 ሁለት ሰዎች ተወለዱ፤ ዣን ፒያዤ በስዊስ አገር በኔውሻቴል፣ ሌቭ ቪጎትስኪ ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር በኦርሻ። ፒያዤ በጄኔቭ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሁለት የስድስት ዓመት ልጆች አንድ ወር ያህል የተናገሩትን ሁሉ አስጽፎ በ1923 ባወጣው መጽሐፍ እንዳስታወቀው፣ ከንግግራቸው ለግማሽ ጥቂት የቀረው ለማንም የተነገረ አልነበረም። ልጁ በሰው መካከል ተቀምጦ ለራሱ ያወራል። ፒያዤ ይህን የሕፃን አሳብ ገና ወደ ራሱ ብቻ የተመለሰ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አድርጎ ቈጠረው፤ ሲያድግም ይጠፋል አለ።

ቪጎትስኪ ግን ይህ ንግግር አይጠፋም፤ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አለ። ሕፃን በመጀመሪያ የሚናገረው ከሰው ጋራ ነው፤ ከዚያ በተማረው ንግግር ራሱን በድምፅ ይመክራል፤ በመጨረሻ ድምፁ ጠፍቶ አሳብ ይሆናል። ለዚህም ማስረጃ ነበረው። ልጁ ሥዕል ሲሥል የሚፈልገውን ቀለም ቢያሳጡት ለራሱ የሚያወራው በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ደግሞም ቋንቋውን በማያውቁ ወይም በማይሰሙ ልጆች መካከል ቢያስቀምጡት ለራሱ ማውራቱ ይቀንሳል፤ ለራሱ ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ የሰሚ ማነስ ባልከለከለው ነበር። አንድ የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ በሐዲድ የሚሄድ ሠረገላ ሲሥል እርሳሱ ተሰበረበት፤ «ተሰበረ» አለ ለራሱ፤ ከዚያ የጀመረውን ትቶ የተሰበረ ሠረገላ ሣለ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ እጁን መራው።

በተማሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ልጅ ፊደልን በስንደዶ እየነካ ጮኾ ይቈጥራል፤ በቍጥር ንባብ አንዱን ፊደል ከአንዱ እየለየ ይጠራል፤ ወደ ግዕዝና ወደ ውርድ ንባብ ይደርሳል፤ ቈይቶ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ በመጨረሻም ዝም ብሎ ያነባል።

ሁለቱም ሊቃውንት ሕፃን ስምን ከነገሩ እንደማይለይ አይተዋል። ቪጎትስኪ እንደ ጻፈው፣ ላምን ቀለም፣ ቀለምን ላም ብለን ልንጠራቸው እንችላለን ወይ ተብለው ቢጠየቁ ሕፃናቱ አይቻልም አሉ፤ ቀለም ይጻፍበታል፤ ላም ወተት ትሰጣለች ብለው። በጨዋታ ውሻውን ላም እንበለው ብለው ካስማሟቸው በኋላ ደግሞ ቀንድ አለው ወይ ቢሏቸው፣ ላም ከተባለማ ትንንሽ ቀንዶች ሳይኖሩት አይቀርም አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የኤውኖምዮስ ትምህርት አይደለምን? ስም ከባሕርይ ጋራ የተሳሰረ ነው የሚለው መናፍቅ በሕፃን አሳብ ጸንቶ ቀርቶ ኖሯል፤ ጎርጎርዮስ ያፈረሰውን ግንብ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ በራሱ ማፍረስ አለበት። የቅኔ ተማሪ አንዱን ቃል በሰሙ ሰምቶ በወርቁ ሌላ ነገር ያይበታል፤ ለዚህም ስሙን ከነገሩ ማላቀቅ ያስፈልገዋል። የአራት ዓመት ልጅ ቅኔ የማይቀኘው ቃል አንሶት ብቻ አይደለም፤ ላም የሚለው ስም ራሱ ቀንድ ስላለበት ነው።

ቪጎትስኪ በሳንባ ነቀርሳ በ1934 በ37 ዓመቱ ሞተ፤ «አሳብና ንግግር» የተባለው መጽሐፉም በዚያው ዓመት ከሞቱ በኋላ ታተመ። ወዲያው በ1936 የሶቭየት መንግሥት የዚህን ዐይነት የሕፃናት ምርመራ በዐዋጅ ስለ ከለከለ መጽሐፉ ሃያ ዓመት ያህል ተቀበረ። በ1962 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ፒያዤ በሕይወት ነበረ፤ የሞተውን ሰው ክርክር አንብቦ በአንዳንዱ ነገር እርሱ ትክክል ነበር ብሎ መሰከረለት።

የፕሳሜቲኮስ ጥያቄ ግን ማንም ሕፃን ሳይበደልበት መልሱን ያገኘው በመካከለኛው አሜሪካ በኒካራጓ ነው። በዚያ አገር ጆሯቸው የማይሰማ ልጆች በየቤታቸው ተበታትነው፣ ከዘመዶቻቸው ጋራ ብቻ በጥቂት የእጅ ምልክት እየተግባቡ ይኖሩ ነበር። በ1977 በማናጓ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ በ1980 ሁለተኛው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ተጨመረ። መምህራኑ ከከንፈር ላይ የእስፓንያን ቋንቋ ሊያስተምሯቸው ደከሙ፤ ብዙም አልተሳካላቸውም። ልጆቹ ግን በመጫወቻው ሜዳና በመኪናው ውስጥ እያንዳንዳቸው ከቤት ያመጡትን ምልክት አዋጡ፤ ማንም ያላስተማራቸው ቋንቋ በእጃቸው ተወለደ። በ1986 ጁዲ ኬግል የተባለች የቋንቋ ሊቅ ተጠርታ መጥታ መመርመር ጀመረች፤ ከርሷም በኋላ አን ሴንጋስ ቀጠለች።

ያገኙት ነገር እንዲህ ነው። አንድ ነገር ቍልቍለት እየተንከባለለ ሲወርድ ለመናገር፣ የሚሰማ ሰው በእጁ የሚያሳየው መንከባለሉንና መውረዱን በአንድ ጊዜ አዋሕዶ ነው። መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በሕፃንነታቸው ኋላ የገቡት ታናናሾች ግን ነገሩን ለሁለት ከፈሉት፤ መንከባለል አንድ ቃል፣ መውረድ ሌላ ቃል ሆነ፤ ሁለቱንም እያከታተሉ ያጋጥሟቸዋል፤ እንደ ተናገሩትም ቃላት ሁሉ ለሌላ ነገር ለያይተው ይጠቀሙባቸዋል። ቋንቋውን የጀመሩት ታላላቆቹ ነበሩ፤ ነገር ግን ታናናሾቻቸው የጨመሩበትን ብዙውን ነገር አልያዙም፤ በጐልማስነታቸው በተመረመሩ ጊዜ በመጀመሪያው መልክ ሲናገሩ ተገኙ።